ዳሞታን በእግር

ከሶዶ ቀና ሲሉ የሚታየው የዳሞታ ተራራ ወደ 2900 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በጎኑ ሞቼና ቦራጎ የተባለው ዋሻ ይገኛል፤ እዚያ ከ40 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ይህን በክፍል ተምረናል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት እኔና ጓደኞቼ በላንድክሩዘር ወደ ተራራው ወጣን። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ጭቃው ያዘን። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጎማው እዚያው እየዞረ ቀዩን አፈር ይቆፍራል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም አሉና በወላይትኛ «ልጆቼ፣ ነገ እኛ በየት እንውረድ?» አሉን። ዝም አልን። በሳምንቱ ተመልሼ ሳይ የጎማው ዱካ የጎርፍ ቦይ ሆኗል።

ያለ መኪና ቱሪስት አይመጣም የሚሉ አሉ። በበጋ ይምጣ። ለታመመ ሰውም መኪና ይውጣ፣ ማን ይከለክላል? የእኛ ግን ጨዋታ ነበር። በእኔ አስተያየት በዝናብ ወራት ለሽርሽር የሚመጣ መኪና ከግርጌው ይቁም። የትምህርት ክፍላችን የመስክ ጉዞም በእግር ይሁን። ጫማ ለሌለው እኔ አውሳለሁ፤ ቁጥሩ 41 ነው።