ምጣዱ ስንት ሴንቲ ነው?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት በዚህ አገር ሥራ የሚበዛበት ሹም ሽር ሲኖር ነው። ስለ ጉልቻው ስለ ራሱ ግድ ብሎት የሚተርተው ሰው የለም። ለአንዲት የዝቋላ እናት ግን ጉልቻ መለወጥ ተረት አይደለም። ጉልቻው ሲለወጥ የሚነደው እንጨት፣ ዓይኗ ውስጥ የሚገባው ጭስ፣ የእንጀራዋ ዓይን ሳይቀር ይለወጣል።

ዋግ ኽምራ ውስጥ ማገዶ ቀላል ነገር አይደለም። ተራራው የተራቆተ ነው፤ ዝናቡ አያስተማምንም፤ የዝቋላ ስም በዜና የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ ከድርቅ ጋር ነው። እንጨቱን ለቅማ፣ ተሸክማ፣ አንድዳ የምትጋግረው ያቺው አንዲት ሴት ናት። ልጅ ካለቻት ደግሞ ልጅቷ ከትምህርቷ ላይ ቀንሳ ታግዛታለች። ስለዚህ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማዳረስ የሚደገፍ ሥራ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ምድጃው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ቤቱን የለካ አለ ወይ?

«ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚሁ አገር፣ ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ ነው። ሲሚንቶው በቅርጽ ማውጫ ይደፋል፣ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ክብ ይሆናሉ፣ ምጣዱ ከላይ ይቀመጣል፤ ከኋላ በሚወጣው ሙቀት ደግሞ ድስት ይጣዳል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የእንጀራን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ምድጃ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ችግሩ ቅርጹ አንድ መሆኑ ነው፤ የታሰበውም ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ለሚጠጋ ምጣድ ነው። ምጣድ ግን ከፋብሪካ አይወጣም። ሸክላ ሠሪዋ በእጇና በዓይኗ ለክታ ታወጣዋለች። የአንዷ ቤት ምጣድ 52፣ የጎረቤቷ 58 ቢሆን የሚገርም ነገር የለውም።

ምጣዱ ካነሰ ዙሪያው ክፍተት ይተዋል፤ እሳቱና ጭሱ በዚያ ይወጣል፤ ቁጠባውም አብሮ ይወጣል። ከበለጠ ደግሞ ዳር ዳሩ እሳት አያገኘውም፤ እንጀራው መሐሉ ሲበስል ዳሩ ይጣበቃል። ሴትየዋ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። ክፍተቱን በጭቃና በአመድ ትደፍናለች፤ የእንጨት ማስገቢያው ከጠበባት ጠርባ ታሰፋዋለች። ከዚያ ባለሙያው ይመጣና «አበላሹት እኮ፣ እናቴ!» ይላል። ያበላሸችው እሷ ናት?

«ታዲያ ምጣዱን ትለውጠው» ማለት ቢሮ ተቀምጦ ቀላል ነው። አዲስ ምጣድ ተገዝቶ በዚያው ዕለት አይጋገርበትም። በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይሟሻል፣ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይበላሻሉ፤ በድርቅ አገር የሚበላሽ ሊጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ምጣዱ ሲለወጥ አክንባሎው አይገጥምም። እንጀራው ሲሰፋ ሰፌዱ ይጠባል፣ መሶቡ አልከደን ይላል። መሶብ ለመስፋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ያየ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር አይቆጥረውም። በዚያ ቤት ያለው ዕቃ ሁሉ እርስ በርሱ ተለካክቶ የተሠራ ነው።

ነገሩ የገጠር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥም ግራናይት ላይ ተቆርጦ የተገጠመ ስቶቭ ሲበላሽ፣ ባለቤቱ ሱቅ ሄዶ በቀለሙና በዋጋው ይመርጣል። ቤት ሲደርስ አዲሱ ከቀዳዳው በሁለት ሴንቲ ያንሳል ወይም ይበልጣል። ቢበልጥ ድንጋይ ቆራጭ ተጠርቶ፣ ኩሽናው በአቧራ ተሞልቶ ይሰፋል። ቢያንስ ግን የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም። ያም ሆኖ የከተማው ሰው ሱቁ ቅርቡ ነው፣ ተከራክሮም ቢሆን ይለውጣል። ዝቋላ የደረሰ የሲሚንቶ ምድጃ ተመልሶ አይጫንም። የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

«መፍትሔው ኤሌክትሪክ ነው» የሚሉም አሉ። መልካም። የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ። የውኃው አንዱ ዳር ዋግ ነው። ከውኃው ዳር ያለው አብዛኛው ሰው ግን ዛሬም በእንጨት ይጋግራል፤ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜማ አካባቢው ለረጅም ጊዜ ጨለማ ውስጥ ከርሟል። መብራቱ ደርሶ ቢቆይ እንኳ ልኬታው አይቀርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህን መሰካት እሳት መጋበዝ ነው። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ከመሬት ጋር የተያያዘ ሽቦ ያስፈልገዋል። ሸክላው ሲሰነጠቅስ? ከሥሩ ለሽቦው ቦይ የወጣለት ሸክላ፣ ያውም በቆርቆሮው ልክ መገኘት አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሰው በየሰፈሩ አለ። ዝቋላ ላይ የሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ከሥሩ ልሙጥ ነው።

መጠን ይወሰን ሲባል «የእጅ ሙያውን ይገድለዋል» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ይህ ሸክላ ሠሪዋን አለማወቅ ነው። ያለ ሜትር ክብ የምታወጣ ሴት፣ ልኩ በክብ ብረት ቢሰጣት ስንቱን ታወጣዋለች! ገበያም ታገኝበታለች። የምድጃው ቅርጽ ማውጫ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ቢሆን ሰማይ አይደፋም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ትገባለች። ሜትር ይሰጣት። ምጣዱን፣ አክንባሎውንና የመደቡን ከፍታ ትለካ፤ ባለቤቲቱ ተቀምጣ ትጋግር እንደሆነ ወይም ቆማ፣ በአገውኛ መጠየቅ ካለባትም በአገውኛ ትጠይቅ። ምድጃው ከዚያ በኋላ ይጫን። ሪፖርቱ ላይም «የተሰራጨ» ከሚለው ዓምድ አጠገብ «ከስድስት ወር በኋላ እየተጋገረበት ያለ» የሚል ሌላ ዓምድ ይጨመር። ቁጥሩ ያንስ ይሆናል።