ቢጫ ያወጣ ፕሮጀክተር ሁሉ አልሞተም

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ውስጥ በቆየችባቸው ወራት ከተዘረፉት ተቋማት አንዱ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የጠፋውን ኮምፒውተርና የቤተ ሙከራ ዕቃ መተካት ቀላል አይደለም። እንዲህ ባለ አካባቢ ምስሉ ቢጫ ስላወጣ ብቻ «ተበላሽቷል» ተብሎ ግምጃ ቤት የሚቆለፍበት ፕሮጀክተር ሊያስቆጭ ይገባል።

በቪጂኤ ኬብል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚሄዱት በየራሳቸው ሽቦ ነው። የሰማያዊው ሽቦ ከተበጠሰ ወይም የመሰኪያው እግር ከተጣመመ ነጩ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ሌላ ኬብል መሞከር ነው። ትርፍ ኬብል ከሌለ የፕሮጀክተሩን ሜኑ መክፈት ይቻላል። ሜኑውን የሚያወጣው ራሱ ፕሮጀክተሩ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ነጩ ነጭ ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የላፕቶፑ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ዕቃው ግን ለዓመታት ሊቆለፍበት ይችላል።

ሜኑውም ቢጫ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ሦስት ኤልሲዲ ባላቸው ፕሮጀክተሮች ውስጥ በሰማያዊው በኩል ያለው ስስ ፊልም በሙቀት ይቃጠላል። አቧራ የደፈነው ማጣሪያ ደግሞ ሙቀቱን ያባብሳል። መርሳ ከወልድያ ይልቅ ትሞቃለች፤ ማጣሪያውን አውጥቶ ማራገፍ በማንም የሥራ ድርሻ ውስጥ ካልተጻፈ ግን የሚያራግፈው የለም። መብራት ድንገት ሲጠፋም ማራገቢያው ይቆማል፣ አምፖሉ እንደጋለ ይቀራል። ዲኤልፒ በሚባሉት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ከበዛ ደግሞ የቺፑ ጥቃቅን መስታወቶች እየሞቱ ነው፤ ያንን ኬብል አያድነውም።

ላፕቶፕም ቢሆን ከመሸ በኋላ ብቻ ቢጫ ካወጣ ናይት ላይት የሚባለው ማስተካከያ በርቶ ይሆናል (ለዚህም ለጠጋኝ የሚከፍል አይጠፋም)። ክዳኑ ሲነካ ቀለሙ ከተለዋወጠ የሚጠረጠረው በማጠፊያው የሚያልፈው ኬብል ነው። ስክሪኑ መስመር ያወጣ ላፕቶፕ ከፕሮጀክተር ጋር ተገናኝቶ ግድግዳው ላይ ጥርት ብሎ ከታየ፣ ከአሮጌ ሞኒተር ጋር ለቢሮ ጽሕፈት ገና ያገለግላል።

በወልድያም ሆነ በሀብሩ ወረዳ ያሉ ትምህርት ቤቶች ዕቃ ከማስወገዳቸው በፊት ቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄ ቢጨምሩ ወጪ የለውም፦ በሌላ ኬብል ተሞክሯል? ሜኑው ምን ቀለም አለው? መልሱ ባዶ የሆነ ቅጽ ላይ ርእሰ መምህሩም ቢሆኑ መፈረም የለባቸውም።