ርቀት ያልበተነው የጥናት ቡድን

አባት በተዛወረ ቁጥር የልጁ የጥናት ቡድን አብሮ ይፈርስ እንደነበር የወታደር ሚስት ሁሉ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ቤተሰቡን ተከትሎ ጂቡቲ ከተማ የገባ ተማሪ፣ ድሬዳዋ ከቀሩት የክፍል ጓደኞቹ ጋር በቴሌግራም ማጥናቱን ሊቀጥል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ያለ ክፍያ ይላክበታልና።

ሆኖም በቡድን ጥናት አንዱ ሲደክም ሌላው መገልበጡ የቆየ በሽታ ነው። እኔ በበኩሌ ለዚህ ጎግል ዶክስን እመርጣለሁ። ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይጽፉበታል፤ በየስማቸው ከገቡም የለውጥ ታሪኩ ማን ምን እንደ ጻፈ ያጋልጣል። እናት ትምህርቱን ባታውቀው እንኳ «ያንተ ጽሑፍ የቱ ነው?» ብላ መጠየቅ አያቅታትም።

የዳታ ወጪ ያሳሰባት እመቤት፣ ልጆቹ በቪዲዮ ከመሰብሰብ ይልቅ በጽሑፍና በድምፅ መልእክት እንዲወያዩ ታድርግ፤ ቪዲዮ ጥቅሉን ቶሎ ይጨርሰዋል።