ውኃን በማግኔት ስለ መመርመር

የጉደር ወንዝ ከፏፏቴው ሥር ሲወርድ ለተመለከተው ሰው ውኃው «ጠጡኝ» የሚል ይመስላል። «የሚሮጥ ውኃ ምን ቆሻሻ ይይዛል?» ብለው የሚጠይቁኝ ሽማግሌዎች ብዙዎች ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ የኮሌራም ሆነ የአንጀት ተስቦ ተሐዋስያን ለውኃው ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም አይሰጡትምና።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ከሰውና ከእንስሳት ዓይነ ምድር የሚወጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንድም እንኳ እንዳይገኝ ያዛል። ይህን ለማወቅ ግን ውኃው በረቂቅ ማጥለያ ተጣርቶ፣ በማጥለያው ላይ የቀረው ሁሉ ለባክቴሪያ ምግብ በተዘጋጀበት ሳሕን ላይ ተደርጎ፣ በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አንድ ቀን ያህል መቆየት አለበት።

አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ከአንድ ምንጭ ናሙና ቀድቼ በበረዶ ሣጥን ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ላክሁ። መኪናው በመንገድ ስለ ዘገየ በረዶው ቀለጠ፤ ናሙናውም ከ24 ሰዓት በላይ ስለ ቆየ «አይመረመርም» ተባለ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ትክክል ነበረ። የምንጩ ተጠቃሚዎች ግን ውጤቱን እስክነግራቸው ድረስ መጠጣታቸውን አላቆሙም።

በውጭ አገር ስማር ያየሁትን የማግኔት ዘዴ ያን ዕለት አስታወስሁ። በዓይን የማይታዩ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች አንድን ተሐዋስ ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይለብሱና ከውኃው ጋር ይደባለቃሉ፤ ተሐዋሱን ካገኙ ይጣበቁበታል። ከዚያ ማግኔት ሲቀርብ ቅንጣቶቹ ምርኳቸውን ይዘው ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባሉ፤ ውኃው ይደፋል። መምህራን ከብረት ሠሪ የተገኘ የሞረድ ብናኝ ከአሸዋ ጋር ደባልቀው በማግኔት ቢለዩት ተማሪዎች ነገሩን ወዲያው ይረዱታል። አሜሪካኖች በውኃ ውስጥ ጃርዲያንና ክሪፕቶስፖሪዲየምን ሲፈልጉ በዚሁ ዓይነት ማጥመድ ይጠቀማሉ።

አዲሱ ነገር ቆጠራው ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. አልበርት ፌርትና ፒተር ግሩንበርግ፣ እጅግ ስስ የሆኑ የብረታ ብረት ንብርብሮች ማግኔት ሲነካቸው የኤሌክትሪክ መተላለፊያነታቸው በብርቱ እንደሚለወጥ አገኙ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች ይኸው ንብርብር የማግኔት ቅንጣቶችን ለማወቅ እንደሚያገለግል አሳዩ። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ መሥራት ሕልም አይደለም።

ሆኖም መሣሪያው ተገዝቶ ነገ ይምጣልን ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የሚያነበው ጠብታ ስለሆነ 100 ሚሊ ሊትሩ አስቀድሞ መጠራቀም አለበት። በክሎሪን የሞተውንም ባክቴሪያ ከሕያው ሳይለይ ሊቆጥር ስለሚችል ታክሞ የዳነውን ውኃ በሐሰት ሊከስ ይችላል። አንቲቦዲው ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ማን ይጠብቀዋል? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የክረምታችን ውኃ ነው። በሐምሌ ደለልና ቀይ አፈር ይዞ የሚወርደው ጉደር፣ በአውሮፓ በጠራ የቧንቧ ውኃ የተፈተነ መሣሪያን ማወኩ አይቀርም። ስለዚህ የአምቦ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋሞቻችን መሣሪያውን በክረምት፣ በዚሁ በደፈረሰው ውኃ ላይ ቢፈትኑት ለአገራችን የሚሆነውን ለይተን እናውቅ ነበር። ከተፈተነም በኋላ ቢሆን ማንቂያ ደወል እንጂ የመጨረሻ ዳኛ አይሁን፤ በእርሱ የተጠረጠረ ውኃ በሳሕኑ ዘዴ ይረጋገጥ።

ሌላም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተደረገው የውኃ ጥራት ጥናት፣ ውኃው ከምንጩ ይልቅ በቤት ውስጥ ይበልጥ ተበክሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። እንግዲያስ መሣሪያው ወደ ጕድጓዱ ብቻ ሳይሆን ወደ እንስራውና ወደ ጀሪካኑም መውረድ አለበት፤ በእጅ መያዙ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለው የክሎሪን መለኪያ ነው። ቧንቧው አፍ ላይ የቀረው ነፃ ክሎሪን በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መሆኑን በጥቂት ደቂቃ ያሳያል። የትምህርት ቤት ቧንቧ ያላቸው መምህራን ጤና ጣቢያው መጥቶ እንዲለካላቸው ቢጠይቁ፣ ከክረምቱ መግቢያ በፊት ቢሆን እመርጣለሁ።