የብዙዎች መዋጮና የአደራው ሒሳብ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት፤ ለአንዱ የሚከብደው ሥራ ለብዙዎች የሚቀል መሆኑን በኑሮአቸው ፈትነው ስላወቁት ነው። በደቦ የታረሰው ማሳ፤ በዕድር የተቀበረው ድኻ፤ ከምእመናን በተለቀመ ሳንቲም የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ለዚህ ምስክር ናቸው።

ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት እርስ በርሳቸው ከማይተዋወቁ ሰዎች ጥቂት በጥቂት ገንዘብ እየተሰበሰበ ለመልካም ሥራ መዋሉ በዓለም ሁሉ ተለምዷል። ነገሩ ለእኛ አዲስ የሚሆነው በመሣሪያው እንጂ በሐሳቡ አይደለም።

ለዚህም የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ታሪክ ይበቃል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል፤ በዓባይ ውሃ ክርክር ምክንያት የውጭ ብድር ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ነበረ፤ ሕዝቡ ቦንድ በመግዛትና በ8100 የስልክ መልእክት በመላክ፤ በውጭ አገር ያሉትም ወገኖች በኢንተርኔት በማዋጣት ተካፈሉ። ከወጪው የሚበዛውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቢያበድርም፤ 5150 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ የታሰበው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ ጊዜ ጥቂት የሰጠውም ሰው የእኔ ነው ለማለት በቃ። እንዲህ ያለው የባለቤትነት ስሜት በብድር የሚገኝ አይደለም።

ይህ ስሜት እንዳይጠፋ ግን ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፤ መዋጮ በፈቃድ ይሁን። ሳይጠየቅ ከደመወዙ የተቆረጠበት ሰው ግብር እንደ ከፈለ እንጂ እንደ ሰጠ አይቆጥረውም። ሁለተኛ፤ ልመናው በአደባባይ እንደ ሆነ ሒሳቡም በአደባባይ ይሁን። ገንዘቡ ስንት እንደ ሆነ፤ በምን እንደ ዋለ፤ ምን እንደ ቀረ፤ አንድ ብር ለሰጠውም ሺህ ብር ለሰጠውም እኩል ይነገር። ቦንድ የገዛውም ያበደረ እንጂ የለገሰ አይደለምና በቀኑ ይከፈለው። ሦስተኛ፤ ለሥራው ብቻ ሳይሆን ለጥበቃውም ይዋጣ። የውሃ ጕድጓድ ቆፍሮ ለመጠገኛው አንዳች ሳያስቀምጡ መመረቅ፤ ጥማቱን ለከርሞ ማሳደር ነው።

እንግዲህ ሹማምንት መዝገቡን በመግለጥ፤ ካህናትም የአደራን ክብደት በማስተማር ሊተባበሩ ይገባል። ከጕድለቷ የሰጠችውን መበለት ማመስገን ብቻ አይበቃም፤ ሳንቲሟ የት እንደ ደረሰም ልንነግራት ይገባናል።