ዳገት ስም ብቻ ነው ያለው ማነው?

«ዳገት» የቃል ክፍሉ ምንድን ነው? ስም። «ቁልቁል»ስ? ተውሳከ ግስ። «ዳገታማ»? ቅጽል። ሦስት ከሦስት፣ ሙሉ ማርክ። እኔም በዚህ ዓይነት ፈተና ደህና ውጤት እያመጣሁ አልፌ፣ ምሕንድስና ተምሬ፣ ሶፍትዌር ሠሪ ሆንኩ። የተማርኩት ጉድለት እንዳለበት የገባኝ ሥራ ላይ ነው።

ዕቃ በሞተር ለሚያደርስ አንድ ድርጅት ደንበኞች የሚጽፉትን አድራሻ የሚያነብ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤቱን በቁጥር አይነግርህም፤ በመሬቱ አቀማመጥ ነው የሚነግርህ። «ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትመጣ፣ ዳገቱ ሳያልቅ በስተግራ።» «ቁልቁሉን ጨርሰህ ድልድዩጋ ቁም።» እኛ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ደንብ ዝርዝር አዘጋጅተናል፤ ለአንድ ቃል አንድ የቃል ክፍል። ውጤቱ? ፕሮግራሙ የሽሮ ሜዳን «ሜዳ» እንደ ተራ ስም ወስዶ ቦታውን ዝርግ መሬት አደረገው። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በእግሩ የወጣ ሰው ይፍረደን! «ቁልቁሉን ጨርሰህ» ሲባልም ቁልቁልን እንደ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያውቀው የሚጨረስ ነገር መሆኑ አልገባውም። ሞተረኛው ሲንከራተት፣ ደንበኛው ሲቆጣ ዋለ።

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ያስተማርነውን ነው የደገመው።

እስቲ ቃላቱን በአፋችን ላይ እንያቸው። «ቁልቁል ወረደ» ስንል ቃሉ አወራረዱን ይነግረናል፤ «ቁልቁሉ ያደክማል» ስንል ግን ባለቤት ሆኖ ቁጭ ይላል። «ገደል» ስም ነው፤ «ገደል ገደሉን ሄድን» ሲባል ግን በየት በኩል እንደሄድን ይገልጻል። «ወጣ ገባ» ከሁለት ግሶች የመጣ ነው፤ «ወጣ ገባ መሬት» ላይ ግን ሥራው የቅጽል ነው። ዳገትም «መንገዱ በጣም ዳገት ነው» ሲባል ልክ እንደ ቅጽል በ«በጣም» ይለካል። «በጣም ተራራ ነው» ብትሉ ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ሁለቱም በዝርዝሩ ላይ «ስም» ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ተራራ የቆመ ነገር ነው፣ ዳገት ደግሞ የሚበዛና የሚያንስ ጠባይም ነው። ይህንን ልዩነት ተናጋሪው ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቀው የፈተና ወረቀቱ ነው።

«ተማሪ ግራ ይጋባል» የሚሉኝ አሉ። ተማሪው እኮ «በጣም ዳገት ነው» እያለ ነው ትምህርት ቤት የሚመጣው! ግራ የሚያጋባው አፉ የሚያውቀውን ስህተት ነው ማለት ነው።

የሰዋስው ሊቃውንቱም ቢሆኑ በአንድ ዝርዝር ላይ ተኝተው አልቀሩም። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የቃል ክፍሎችን ስምንት ብለው ነበር፤ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» አምስት አደረጓቸው፤ ቃሉ በሚይዘው ቅርጽና በዓረፍተ ነገር ውስጥ በሚገባበት ቦታ እየለዩ። ከዋልታ ዜናዎች የተሰበሰቡት ወደ 210 ሺህ የሚጠጉ ቃላትም መለያ የተሰጣቸው በሰው እጅ፣ ከነዜናቸው እየተነበቡ ነው። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ቁጥሩን ብቻ ወስደን፣ ስምንት ነው አምስት ነው እያልን ስንከራከር መንገዱን ጣልነው።

ለማሽንም ለፈተናም ዝርዝር ያስፈልጋል፣ እሺ። ግን ዝርዝሩ አንድ ቃል ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ይናገር፤ ፍርዱን ለዓረፍተ ነገሩ ይተው። እኛ በመጨረሻ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ የደንበኞቹን መግለጫዎች አንድ በአንድ አንብበን በእጃችን መለያ ሰጠን። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን «ቁልቁሉን ጨርሰህ» አሁን ይገባዋል።

መጽሐፍ አዘጋጆችም ጥያቄውን ይቀይሩልን። «ቁልቁል ምንድን ነው?» ማለት ይቅር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ስጡና «እዚህ ምን እየሠራ ነው፣ እዚያስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ መልሱን ያውቀዋል።