«ፍሬን በጠሰ» እያልን እስከ መቼ?

በዚህች አገር መኪና ገደል ሲገባ፣ አጥር ጥሶ ሰው ግቢ ሲገባ ወይም ታክሲ የሚጠብቅ ሕዝብ ላይ ሲወጣ የሚነገረን ምክንያት ሁለት ብቻ ነው፡፡ ወይ «ፍሬን በጥሶ» ነው፤ ወይ ደግሞ ሾፌሩ «ከመጠን በላይ በፍጥነት ሲያሽከረክር» ነው፡፡ የመጀመሪያው ጥፋቱን ለብረቱ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለሾፌሩ፡፡ ብረት አይከሰስ፣ ሾፌሩም ብዙ ጊዜ ሞቷል፤ ፋይሉ ይዘጋል፡፡ እኔ ግን ሦስተኛ ምክንያት አለ እላለሁ፡፡ ፍሬኑ ሳይበጠስ፣ ሾፌሩም ሳያብድ መኪና በራሱ ጊዜ የሚፈተለክበት አጋጣሚ አለ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሳል፤ ፔዳሉ ግን አይመለስም፡፡ ሞተሩ ያጓራል፤ መኪናው ይሸመጥጣል፡፡ ምክንያቱ አንዳንዴ በጣም ተራ ነው፡፡ ከሥር የተነጠፈው የላስቲክ ምንጣፍ ተንሸራቶ ፔዳሉን ይዞት ይሆናል፡፡ በአሮጌ መኪና ደግሞ የነዳጁ ገመድ ዝጎ አልመለስ ይላል፡፡ አንዳንዴም (ይኸኛውን ሾፌሮች መስማት አይወዱም) ሰውዬው ፍሬን የረገጠ መስሎት የሚረግጠው ነዳጁን ነው፡፡ «ብረግጠው ብረግጠው አልያዘም» የሚለው ቃል ከሁለቱም ዓይነት አደጋ ይሰማል፡፡

ዓለም ስለዚህ ጉዳይ በደንብ ያወራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 ነው፡፡ በዚያ ዓመት ኦገስት 28 ቀን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ከተማ አጠገብ አንድ የአውራ ጎዳና ፖሊስ (አዎ፣ መንገድ ጠባቂው ራሱ!) ከሥራ ሰዓቱ ውጪ ሌክሰስ ኢኤስ 350 መኪና ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ይጓዝ ነበር፡፡ መኪናዋ የራሱ አልነበረችም፤ የእሱ ጋራዥ ስለገባች ነጋዴው በትውስት የሰጠው ናት፡፡ በመንገድ ላይ ፔዳሉ ተያዘ፡፡ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ለፖሊስ ስልክ ደውሎ ነዳጅ መስጫው መያዙንና ፍሬን እንደሌላቸው እየተናገረ ሳለ መኪናዋ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረች መስቀለኛ መንገድ ላይ ደረሰች፡፡ አራቱም ሞቱ፡፡ በኋላ ሲመረመር ፍሬኑ አልተበጠሰም፤ ተቃጥሏል እንጂ፡፡ ምንጣፉ ደግሞ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ትልቅ ላስቲክ ነበር፡፡ መኪናዋ በቁልፍ ሳይሆን በመጫኛ ነው የምትነሳውና የምትጠፋው፤ እየሄደች ሳለ ለማጥፋት ግን መጫኛውን 3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ይጠይቃል፡፡ በዚያ ጭንቅ ይህንን ማን ያስታውሳል?

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው፡፡ ያችኑ መኪና፣ ያንኑ ምንጣፍ እንደለበሰች፣ ከአደጋው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ሌላ ደንበኛ ተውሷት ነበር፡፡ በእሱም ላይ ፔዳሉ ተይዟል! ሰውዬው ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ ፍጥነቷን አበረደና ወደ መንገድ ዳር አወጣት፤ ማርሹን ወደ ኒውትራል መለሰ፤ ሞተሩ ጆሮ እስኪበጥስ ጮኸ፤ መኪናዋ ቆመች፡፡ ስትመለስም ለተቀባይዋ ሠራተኛ ተናግሯል፡፡ አንዱ ነግሮ ሰሚ አጣ፤ በሌላው አራት ሬሳ ወጣ፡፡ ልዩነቱ አንድ ማርሽ ነው፡፡

ሰሞኑን መገናኛ ተራ ለሚጠብቁ የታክሲ ሾፌሮች «ነዳጁ ተይዞ እምቢ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ጥያቄ አቅርቤ ነበር፡፡ አንዱ የእጅ ፍሬን እስባለሁ አለኝ፡፡ ሌላው ግንብ አስታክካለሁ አለ፡፡ ሦስተኛው «ኪዳነ ምሕረትን እጠራለኋ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን፡፡ ከመካከላቸው «ማርሹን አወጣለሁ» ያሉት አንድ ሽበታም ሰው ብቻ ናቸው፡፡ «ጋሼ፣ ማን አስተማረዎት?» ስላቸው «ፊያት 682 አስተማረኝ» አሉኝ፡፡

ትክክል ናቸው፡፡ እስቲ ዘርዘር ላድርገው፡፡ ፔዳሉ ከተያዘ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል አንዴ መርገጥና አለመልቀቅ ነው፡፡ ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ገዳይ ነው፡፡ በብዙ የቤንዚን መኪናዎች ፍሬኑን ለእግራችን የሚያቀልልን አጋዥ ኃይሉን የሚያገኘው ሞተሩ አየር ሲስብ ከሚፈጠረው ባዶ ግፊት ነው፤ ነዳጁ ወለል ብሎ ሲከፈት ግን ያ ግፊት አይኖርም፡፡ የተጠራቀመው ለአንድ ሁለት ጊዜ ርግጫ ብቻ ይበቃል፡፡ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ ሾፌሩም «ፍሬን የለኝም» ይላል፡፡ ፍሬኑን እንደረገጡ ማርሹን ወደ ዜሮ ማምጣት፤ በማንዋል መኪና ፍሪሲዮን ረግጦ ማውጣት፣ በአውቶማቲክ ከዲ ወደ ኤን መግፋት፡፡ ሞተሩ ይጮሃል፡፡ ይጩህ! የሚቃጠል ከሆነም ይቃጠል፤ ሞተር ይገዛል፡፡ መሪውን ይዞ ዳር መውጣት፣ ሙሉ በሙሉ ከቆሙ በኋላ ማጥፋት፡፡ ማርሹ እምቢ ካለና ማጥፋት የግድ ከሆነ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ ወደኋላ መመለስ ነው እንጂ እስከ መጨረሻው አዙሮ መንቀል የለም፤ መሪው ይቆለፋል፡፡ ሞተሩ ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል፤ መጠበቅ ነው፡፡ ምንጣፉን በእጅ ለመሳብ ማጎንበስ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፡፡ የእጅ ፍሬን ብቻውን አቅም የለውም፤ በፍጥነት ላይ በድንገት ከተሳበ የኋላውን ጎማ ይዞ መኪናውን ያሽከረክረዋል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፡፡ የአባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከእንጦጦ ሲመለሱ «በዜሮ ማርሽ አትውረድ» ተብሎ ለሾፌር ይነገራል፤ ልክ ነው፡፡ በጤናማ ቀን ሞተሩ መኪናውን ይይዛል፡፡ ነዳጁ የተያዘ ዕለት ግን ሞተሩ ያዥ መሆኑ ቀርቶ ገፊ ሆኗል፤ ሕጉም ይገለበጣል፡፡ ይህንን ልዩነት በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ያስተማራችሁ ካለ ጻፉልኝ፡፡

ወደ ጥፋተኛው እንምጣ፡፡ ከካሊፎርኒያው አደጋ በፊት፣ በ2007፣ ኩባንያው 55 ሺህ ያህል የዚያኑ ዓይነት ምንጣፎች መልሷል፡፡ ከአደጋው በኋላ 3.8 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ተጠሩ፡፡ በጃንዋሪ 2010 ደግሞ ፔዳሉ ራሱ ይጣበቃል ተብሎ 2.3 ሚሊዮን ተጨመሩ፡፡ የቶዮታ ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በዚያው ፌብሩዋሪ አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፡፡ በ2014 ኩባንያው ደንበኞችን ማሳሳቱን አምኖ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ፡፡ እኛ አገር ቢሆን ማን ይጠራ ነበር? ሾፌሩ! እሱም ከተረፈ፡፡

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ሾፌሩን መጀመሪያ አስረዋል፡፡ ሚኔሶታ ውስጥ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ክፍለ ሀገር፣ አንድ ስደተኛ በ2006 የ1996 ካምሪውን እየነዳ ከሌላ መኪና ጋር ተላተመ፤ ሰዎች ሞቱ፡፡ «ፍሬን ረግጫለሁ» ቢል ማን ሰማው? ስምንት ዓመት ተፈረደበት፡፡ የቶዮታ ወሬ ሲፈነዳ ጉዳዩ እንደገና ታየና በ2010 ተፈታ፡፡ በ2015 የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኞች 60 በመቶውን ጥፋት ለኩባንያው፣ 40 በመቶውን ለእሱ ሰጡ፡፡ ክፍፍሉን ልብ በሉልኝ፡፡

ምክንያቱም መኪናው ሁልጊዜ ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም፡፡ በ1986 የአሜሪካ ቴሌቪዥን አውዲ 5000ን «በራሱ ይፈተለካል» ብሎ አወጀ፤ የኩባንያው ሽያጭ በ1985 ከነበረበት 74 ሺህ በ1991 ወደ 12 ሺህ ገደማ ወረደ፡፡ የመንግሥት መርማሪዎች በ1989 ሲጨርሱ ዋናው ምክንያት የፔዳል ስህተት ነው አሉ፡፡ በቶዮታም ጉዳይ ናሳ ተጠርቶ ወራት ሙሉ ኤሌክትሮኒክሱን በርብሮ በ2011 ምንም አላገኘሁም ብሏል፡፡ በ2013 ግን የኦክላሆማ ዳኞች የ2005 ካምሪን ኤሌክትሮኒክስ ጥፋተኛ አሉ፡፡ በጁላይ 2024 ሴኡል ላይ 9 ሰው የሞተበት መኪና ሾፌር «በራሱ ሄደብኝ» ሲል ጫማው ተመረመረ፤ ሶሉ ላይ የተገኘው የነዳጅ ፔዳሉ ቅርጽ ነው፡፡ አያችሁ? እዚያ ጫማ ይመረመራል፡፡ እዚህ ስንት የሬሳ ጫማ ነው ሳይታይ የተቀበረው?

ጉዳዩ የፈረንጅ ነው የምትሉ ካላችሁ የምንነዳቸው መኪናዎች የማን ናቸው? አብዛኞቹ ሌላ አገር ሲነዱ ከርመው የመጡ ናቸው፡፡ ጥገና ይደረግላችሁ የሚለው ደብዳቤ የሚላከው ወደ ቀድሞው ባለቤት አድራሻ ነው፤ አዲስ አበባ አይደርስም፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሎ ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞር አዘዘ፡፡ መልካም፤ ጭሱ ይቀንሳል፡፡ ነገር ግን ኤሌክትሪክ መኪና ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ወዲያው ይሰጣል፡፡ ብዙዎቹም ነዳጅ መስጫ በምንለው ፔዳል ብቻ ስለሚነዱ እግር ፍሬን ይረሳል፡፡ ፔዳልም ያው ፔዳል ነው፤ በኤፕሪል 2024 ቴስላ ሳይበርትራክ የተባለ መኪናው 3,878ቱን የጠራው የፔዳሉ ሽፋን ተነቅሎ ሊሸነቆር ስለሚችል ነው፡፡ ለመግጠም ሲያስቸግር ሳሙና ተቀብቶ ነበር አሉ፡፡ ሳሙና!

እንግዲህ ጥያቄዬ ለትራንስፖርት ባለሥልጣናትና ለትራፊክ ፖሊስ ነው፡፡ ለቦሎ በየዓመቱ መኪና ሲመረመር ምንጣፉ ተነስቶ፣ ፔዳሉ ተረግጦ መመለሱ ይታያል ወይ? የመንጃ ፈቃድ ተፈታኝ ማርሽን ወደ ዜሮ ማውጣትን በሩጫ ላይ ይፈተናል ወይ? ከውጭ የሚገባው አሮጌ መኪና በሻንሲ ቁጥሩ ለጥገና ተጠርቶ እንደነበረ የሚያጣራ ክፍል አለ ወይ? አደጋ በደረሰበት ቦታስ «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ከመጻፉ በፊት ማርሹ የት ላይ እንደነበረ፣ ምንጣፉ የት እንደተገኘ፣ የሾፌሩ ጫማ ምን እንደሚመስል የሚመዘግብ አለ ወይ?

መልስ ያለው ካለ ዓምዱ ክፍት ነው፡፡